ከቦሌ ዝቅ ያለው ተራራ

ኬፕ ታውንን በዓለም ፖስትካርድ ላይ ያወጣው ቴብል ማውንቴን ከባሕር ወለል 1,085 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ቱሪስቱ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያደንቀው ያ አናት፣ እኔ ሻንጣዬን እየጎተትሁ ከተሳፈርሁበት አስፋልት ከ1,200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል ማለት ነው። እንጦጦን አላነሣም፤ እንግዳ ሆኖ ሄዶ ባለቤትን ማሳፈር ነውር ነው።

ቁጥር ግን ስለ ተራራ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። የእኛ አገር ተራራ ቁመቱን ከሰው ይሸሽጋል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ ሆኖም ደባርቅ ድረስ በአውቶቡስ የሄደ መንገደኛ ከዚያ ቁመት አብዛኛውን እያንቀላፋ ጨርሶታል፤ ለእግሩ የሚቀረው ትራፊው ነው። ኬፕ ታውን ላይ መሸሸጊያ የለም። ተራራው ከባሕሩ አጠገብ ተነሥቶ ያለችውን አንድ ሺህ ሜትር በሙሉ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከተማዋ በእግሩ ሥርና በወደቡ መካከል ተጣብባ ትኖራለች፤ ግራና ቀኙን ዴቭልስ ፒክና ላየንስ ሄድ የሚባሉ ሹል ጫፎች አጅበውታል። አናቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ስለሆነ ግሸንን ወይም ደብረ ዳሞን ያየ ኢትዮጵያዊ በቅርጹ አይደነቅም። የሚደነቀው ከአምባው ሥር ውቅያኖስ በመኖሩ ነው።

ደብረ ዳሞ በጠፍር ይወጣል፤ ይኸኛው በሽቦ። የኬብል መኪናው ሥራ የጀመረው በ1929 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬዎቹ ክብ ሳጥኖች 65 ሰው ይይዛሉ፤ ወለላቸው እየዞረ ለሁሉም ሁሉንም አቅጣጫ ያሳያል። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ለመያዝ መጋፋት አያስፈልግም፤ የሚጋፋ ሰው ግን አልጠፋም። ደብረ ዳሞ ላይ ሴት አትወጣም፤ እዚህ ደግሞ ቲኬት የሌለው አይወጣም። ጉልበት ያለው በፕላተክሊፕ ሸለቆ በኩል በድንጋይ ደረጃው ላይ እያለከለከ በነጻ መውጣት ይችላል። የደጋ ሳንባ ይዞ ለሄደ ሰው አቀበቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ፀሐዩ ነው።

የሄድሁት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በዚያ ወቅት እዚያ የሙቀቱ ወራት እኩሌታ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ስለሆነ አቅጣጫ በጥላ ለማወቅ የለመደ ሰው ግራ ይጋባል። ማታ ደግሞ ቀኑ እምቢ ብሎ ይቆያል። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን መብራት እያበራ ላደገ ሰው፣ እራቱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ፀሐይ መሞቅ ከሥርዓት ውጭ የሆነ ነገር ይመስላል። የከተማዋ ሰው ግን ይህን ብርሃን ያውቅበታል። ከሥራ ወጥቶ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በትርፍ ይቀበላል፤ ወደ ባሕር የሚወርደው ወርዶ፣ ወደ ተራራ የሚወጣው ወጥቶ፣ ጨለማ ሳይቀድመው ቤቱ ይገባል።

ስለ ባሕሩ መጀመሪያ መነገር ያለበት ነገር ቢኖር ቅዝቃዜው ነው። ካምፕስ ቤይ የሚባለው ዝነኛ ዳርቻ ነጭ አሸዋ፣ የዘንባባ ሰልፍ፣ ከጀርባው አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉት የተራራ ጫፎች አሉት። በአሸዋው ላይ ሰው እንደ ጉድ ተኝቷል፤ ውሃው ውስጥ ያሉት ግን ሕፃናትና ውርርድ የገቡ ወጣቶች ብቻ ናቸው። እግሬን ሳስገባ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በሙቀቱ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በፀሐይ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ወደ ጥልቁ ይገፋዋል፤ በምትኩ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኑ በጠራና ነፋሱ በበረታ ቁጥር የአትላንቲኩ ውሃ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዴም ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ከተማዋ ካለችበት ልሳነ ምድር ማዶ፣ ፎልስ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ፣ በዚያው ቀን ውሃው 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባሕር አለ። አስጎብኚዎች የልሳነ ምድሩ ጫፍ በሆነችው ኬፕ ፖይንት ላይ ቆመው ሁለቱ ውቅያኖሶች እዚህ ይገናኛሉ ሲሉ ይሰማል፤ ፎቶውም ያምራል። የአትላንቲክና የህንድ ውቅያኖስ ድንበር ተብሎ የተሰመረው ግን ከዚያ በደቡብ ምሥራቅ ርቆ በሚገኘው ኬፕ አጉላስ ላይ ነው፤ የአፍሪካ የመጨረሻዋ ደቡባዊ ጫፍም እሷው ናት።

ያው ነፋስ በተራራው ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከባሕር ያመጣውን እርጥበት ይዞ ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ወደ ከተማው ሲወርድ ደግሞ ይሞቅና ይተናል። በዚህ የተነሣ ደመናው ከአናቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ፣ መሬት ሳይነካ ይጠፋል። የጠረጴዛ ልብስ ይሉታል። ለሰዓታት ቆሜ አይቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚወርድ፣ ግን መቼም የማይደርስ ነገር ነው። ያን ጊዜ የኬብል መኪናው ይቆማል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ቲኬታቸውን ይዘው ከሥር ቀርተው ሰማዩን ይወቅሳሉ።

ፔንግዊኖቹን አየሁ። ቦልደርስ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ ናቸው፤ ያምራሉ፤ ይሸታሉም። ወይኑን ለሚያውቁት ትቻለሁ። ወተርፍሮንት የሚባለው የወደብ ገበያ የትኛውም አገር ሊኖር የሚችል የገበያ አዳራሽ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታየው ተራራ ባይኖር ዱባይ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም።

የቆየሁበት ነገር ሌላ ነው። ለእኔ የተራራና የባሕር ውበት ማንም ያልሠራው፣ ስለዚህም ማንም የማይከለክለው ነገር ነበር። ኬፕ ታውን ግን ይህ ውበት በአዋጅ የተከፋፈለባት ከተማ ናት። በ1953 የወጣው የአፓርታይድ ሕግ መናፈሻን፣ አግዳሚ ወንበርን፣ ሽንት ቤትንና የባሕር ዳርቻን በቆዳ ቀለም እንዲለይ ፈቀደ። አሸዋው ላይ ሰሌዳ ተተከለ። ካምፕስ ቤይና ክሊፍተን ለነጮች ሆኑ። ክልስ ተብለው ለተመደቡት ስትራንድፎንቴንን የመሰሉ ከከተማው የራቁ፣ ነፋስ የሚደበድባቸው ዳርቻዎች ተሰጡ። ለጥቁሮች የደረሰችው ሞንዋቢሲ ደግሞ ሞገዱ ሰው የሚወስድባት ናት። ሕጉ የከፋፈለው ሰውን ብቻ አይመስለኝም፤ ሞገዱንም ከፋፍሎታል፤ የዋሁ ለአንዱ፣ አደገኛው ለሌላው።

በነሐሴ 1989 ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱና ሌሎች ብዙ ሰዎች ብሎበርግስትራንድና ስትራንድ ወደሚባሉት የነጮች ዳርቻዎች ለመዋኘትና ለመዝናናት ሄዱ። ፖሊስ ውሻ ይዞ ጠበቃቸው። አስቡት፤ ቅርጫትና ፎጣ የያዘ ቤተሰብ በአንድ ወገን፣ የታጠቀ መንግሥት በሌላ ወገን። በዚያው ዓመት በኅዳር ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ የባሕር ዳርቻዎች ለሁሉም እንዲከፈቱ አወጁ፤ ሕጉም በ1990 ተሻረ። ሰሌዳዎቹ ዛሬ ያሉት በሙዚየም ነው። ሆኖም በዲሴምበር 2018 ክሊፍተን ላይ የግል ጥበቃ ሠራተኞች አመሻሹ ላይ ሰዎችን ከአሸዋው ውጡ ብለው አስነሡ ተባለና ከተማዋ ተናወጠች። ተቃዋሚዎች ከቀናት በኋላ በዚያው ዳርቻ ላይ በግ አረዱ፤ ቦታውን ለማንጻት ነው አሉ። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎችም መጡና ጭቅጭቁ ሌላ መልክ ያዘ። ይህን ሳነብ ስለ ገና በግ አሰብሁ፤ በበግ መታረድ የሚደነግጥና በሰው መባረር የማይደነግጥ ጎረቤት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

የመሬቱ ነገር ከአሸዋው ይብሳል። ከከተማው መሐል አጠገብ፣ በተራራው እግር ሥር፣ ወደቡን ቁልቁል የሚያይ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበር። የወደብ ሠራተኞች፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ልጆች፣ ሙስሊሞች፣ አይሁዶች፣ ልብስ ሰፊዎችና ሙዚቀኞች ተደባልቀው ይኖሩበት ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 መንግሥት ሰፈሩን የነጮች ነው ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከ60,000 በላይ ሰዎች ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው አሸዋማ ሜዳ ተወሰዱ፤ ቤቶቹ በቡልዶዘር ፈረሱ፤ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ነበሩ። በ1994 መጨረሻ በአንድ የቀድሞ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተከፈተው ሙዚየም ወለሉ ላይ የሰፈሩ ካርታ ተነጥፏል፤ የተፈናቀሉት ሰዎች ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ በእጃቸው ስማቸውን ጽፈውበታል። ከላይ የተሰቀሉትን የመንገድ ስም ሰሌዳዎች በማፍረስ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ሰው ሳይጥል ደብቆ ያቆያቸው ናቸው። ከሙዚየሙ ወጥቼ ወደ ቦታው ሄድሁ። ባዶ ሳር የበቀለበት ሰፊ መሬት አሁንም አለ። ከዚያ ሆኖ ተራራው በእጅ የሚነካ ያህል ቅርብ ነው፤ ወደቡም ይታያል። ለምን እንደፈለጉት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልግም።

(ያ የካቲት 11 ቀን ለከተማዋ ሌላ ትርጉምም አለው። ኔልሰን ማንዴላ ከእስር የተፈቱት የካቲት 11 ቀን 1990 ነው፤ ያን ምሽትም ከዲስትሪክት ሲክስ ብዙም በማይርቀው የከተማው አዳራሽ ሰገነት ላይ ቆመው ለሕዝቡ ተናገሩ። ቀኑ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ልቤ በአጋጣሚ አልተወውም።)

ኬፕ ፍላትስ ላይ ዘመድ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከሆሳዕና ተነሥቶ ሞያሌን አልፎ፣ በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል በየብስ የሄደ። ስለዚያ መንገድ ሲጠየቅ «አለፈ» ይላል እንጂ አይተርክም። ዛሬ ካየሊቻ በሚባለው ሰፊ የጥቁሮች መኖሪያ ውስጥ ስፓዛ የሚባለው የሰፈር ሱቅ አለው። ካየሊቻ ከከተማው መሐል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የተቆረቆረችውም በ1980ዎቹ፣ ከከተማ እንዲርቁ ለተፈረደባቸው ጥቁሮች ነው። ሱቁ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ዳቦው፣ ዘይቱ፣ የስልክ ካርዱ፣ በነጠላ የሚሸጠው ሲጋራ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። ፍርግርጉ ለጌጥ አይደለም። በ2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ጥቃት ከተነሣ ጀምሮ የእኛ ሰዎች ሱቅ በየጊዜው ይዘረፋል፤ ባለሱቅም ይገደላል። ይህን የማታውቅ እናት ሆሳዕና ውስጥ የለችም፤ አውቃም ልጇን የምትሸኝ አለች።

እንዲህ ያለውን ሰው፣ ስለ ከተማው ውበት ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ተራራው ለእኔ የአየር ጠባይ ነው» አለኝ። «ደመና ከለበሰ ነፋሱ መጣ ማለት ነው። ያኔ ደጅ ያለውን ሸቀጥ አስገባለሁ፤ አሸዋው ስኳሩ ውስጥ ይገባል።»

ቱሪስቱ የጠረጴዛ ልብስ ብሎ ፎቶ የሚያነሣው ደመና ኬፕ ፍላትስ ላይ በስኳር ውስጥ አሸዋ ማለት ነው። ከካየሊቻ ሲታይ ተራራው ሰማያዊ መስመር ነው፤ ጀርባውን የሰጠ። ባሕሩ ግን ቅርብ ነው። የፎልስ ቤይ ዳርቻ ከሰፈሩ ጋር ይዋሰናል፤ ሌሊት ነፋሱ ሲበረታ ሞገዱ ይሰማል ይላሉ። ቢሆንም ዘመዴ ለዓመታት ሲኖር አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሱቁ የሚከፈተው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ የሚዘጋው ሌሊት ነው። እሑድም ሥራ ነው። የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጅምላ ነጋዴዎች ወደሚበዙበት ቤልቪል ለዕቃ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ የሚያውቃት ኬፕ ታውን ይህች ናት። ትልቅ የገበያ ከረጢት፣ የሚያውቀው ሾፌር፣ የተጻፈ ዕዳ። የእኔዋ ኬፕ ታውን ትበልጣለች ብዬ ልከራከረው አልቻልሁም፤ እኔ የከፈልሁበት ነው፣ እሱ የሚበላበት።

አንድ እሑድ ማለዳ ግን ጎረቤቶቹ ወደ ዳርቻው ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድሁ። የጽዮን አብያተ ክርስቲያናት የሚባሉት ምእመናን ነጭና አረንጓዴ ልብስ ለብሰው፣ በትር ይዘው፣ እየዘመሩ ወደ ባሕሩ ገቡ፤ አጥማቂው ወገቡ ድረስ በሞገድ ውስጥ ቆሞ አንድ በአንድ ያጠልቃቸዋል። ሞገዱ ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ሰው አጥማቂውን ይይዘዋል። ሴቶቹ ከዳር ሆነው የለስላሳ ጠርሙስ በባሕር ውሃ ይሞላሉ፤ ጠበል እንደሚቀዳ በጥንቃቄ ይቀዱታል፤ ለቤት ነው፣ ለታመመ ነው፣ ለሩቅ ዘመድ ነው። የእኛ ጥምቀት ሊደርስ ቀናት ቀርተውት ስለነበር ነገሩ ልቤን ነካው። ክፉ ሞገድ የተመደበላቸው ሰዎች ሞገዱን ለሌላ ጉዳይ አዋሉት። ካምፕስ ቤይ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ስለ ውሃ ካነሣሁ፣ በ2018 ከተማዋ ደርቃ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ዝናብ አጠረ፤ ግድቦቹ ነጠፉ፤ የቧንቧው ውሃ የሚዘጋበት ቀን ተቆርጦ ስም ወጣለት። ከየካቲት 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቀደ። ሰዎች ሳፋ ውስጥ ቆመው ይታጠባሉ፤ እጣቢውን ሽንት ቤት ይደፉታል፤ ከኒውላንድስ ምንጭ ለመቅዳት ተሰልፈው ይቆማሉ። ኋላ ዝናብ ጣለና ቀኑ ሳይደርስ ቀረ። አንድ የከተማው ነዋሪ ይህን እንደ ትልቅ ታሪክ ሲያጫውተኝ በትሕትና ሰማሁት። የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፤ ውሃ በፈረቃ፣ ጀሪካን በመደርደሪያ፣ ሮቶ በጣሪያ፤ እኛ ለዚህ ነገር ስም ማውጣት እንኳ አላስፈለገንም። ካየሊቻ ውስጥ በጋራ ቧንቧ የሚቀዳው ሕዝብም እንደ እኔው በትሕትና የሚሰማው ይመስለኛል።

ከድርቁ ታሪክ ይበልጥ የያዘኝ የዛፉ ነገር ነው። ቴብል ማውንቴን ላይ ከሸለቆዎቹ በቀር ጥቅጥቅ ያለ ደን ብዙም የለም፤ አብዛኛውን የሸፈነው ፊንቦስ የሚባል ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ይህ ተራራና ልሳነ ምድሩ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏቸው። ከእነዚህም በርካቶቹ የአስታ ዘመዶች ናቸው። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው አስታ በኬፕ ምድር ከ600 በላይ ዘመዶች አሉት፤ ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ እንደ ደወል የተንጠለጠለ። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ አበባ የሆነችው ፕሮቲያም በኢትዮጵያ ደጋ ዘመድ አላት። ወደ ሌላ ዓለም ሄድሁ ብዬ የመንደሬን ቁጥቋጦ ዘመዶች አገኘሁ። ዓለቱ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ደግሞ ዘመድ ሳይሆን ራሱ ሽኮኮ ነው፤ ቱሪስቶች ተንበርክከው ፎቶ ሲያነሡት እንደ ሹም ተቀምጦ ይጠብቃል።

ታዲያ በዚህ ተራራና በዙሪያው ተፋሰሶች ላይ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ጠላት ናቸው። ከ1995 ጀምሮ መንግሥት ሥራ ለሌላቸው ሰዎች ደመወዝ እየከፈለ ያስቆርጣቸዋል፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጡት ዛፎች ከፊንቦሱ እጅግ የበለጠ ውሃ ይጠጣሉ፤ ወደ ግድብ መውረድ የነበረበት ውሃ በሥሮቻቸው ተመጥጦ ይቀራል። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈርስ ስትል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ የእንጦጦ ሴቶች ጀርባ የጎበጠው በእሱ ነው። እዚያ በመጋዝ እየተገረሰሰ ሳየው የማውቀውን ሰው በሰው አገር እስር ቤት ያየሁት ያህል ተሰማኝ። ጥፋቱን ግን ልክደው አልችልም።

ሮበን ደሴት በጀልባ ይኬዳል። የማንዴላን ክፍል ሁሉም ያያል፤ ከ1964 እስከ 1982 በደሴቲቱ ታስረው ነበር። እኛ ደግሞ የምንኮራበት ነገር አለን፤ በ1962 ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተመልሰው ተያዙ። በጉብኝቱ ላይ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ሁልጊዜ አይጠፋም መሰለኝ፤ ያን ቀን እኔ ነበርሁ።

ነገር ግን በዚያ እስር ቤት ከኢትዮጵያ ጋር በደም የተሳሰረ ሌላ ሰው ነበር፤ ስሙ በእኛ ዘንድ ብዙም አይነሣም። ኔቪል አሌክሳንደር ይባላል። ከ1964 እስከ 1974 አሥር ዓመት ታስሯል፤ ከተፈታ በኋላ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲከራከር ኖሮ በ2012 ኬፕ ታውን ውስጥ አረፈ። የእናቱ እናት ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ ኦሮሞ ናት። በልጅነቷ ለባርነት ተሽጣ በቀይ ባሕር ወደ ዓረብ ምድር ስትወሰድ፣ በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጀልባዎቹን ይዞ ልጆቹን ነጻ አወጣቸው። ከተወሰዱባት ከኤደን ወደብ ወደ አገራቸው መመለሻ አልተገኘም። በ1890 ከእነዚያ ልጆች 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ ኬፕ ወደሚገኘው የሎቭዴል ሚስዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ቢሾ አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ አግብታ ወለደች፤ ለልጇ ዲምቢቲ የሚል የአገሯን ስም ሰጠቻት። የዲምቢቲ ልጅ ነው ሮበን ደሴት ላይ ድንጋይ የፈለጠው።

ከጀልባው ስመለስ ያሰብሁት ስለ ማንዴላ አልነበረም። እኛ ባሕርን ስናነሣ ያጣነውን ወደብ፣ ምጽዋንና አሰብን ነው የምናነሣው፤ ባሕር የነበረን ሀብት ነው። ለቢሾ ግን ባሕር የተሸጠችበት መንገድ ነው። ለአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌሊት የሚሰማ ድምፅ ነው። የባሕር በር ክርክር ሲነሣ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር አልሰማሁም።

መሄጃዬ ሲቃረብ ከተራራው አናት ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ለዘመዴ አሳየሁት። አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ወደቡ፣ ስታዲየሙ፣ ካምፕስ ቤይ፣ ሮበን ደሴት።

«እኛ የታለን?»

አልነበሩበትም። የኬብል መኪናው የሚያራግፈው በምዕራቡ ጫፍ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያየው ከተማውንና አትላንቲክን ነው።

«ከዚያ ላይ እኛ ካልታየን፣ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን ከፈሉ?» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ በእግሬ ወጣሁና ከሰዉ ተለይቼ በአምባው ላይ ወደ ምሥራቅ ሄድሁ። ከጣቢያው እስከ ማክሊር ቢከን ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የምድርን ቅርጽ ለመለካት የተከመረ የድንጋይ ካብ ነው፤ የተራራው ከፍተኛ ቦታም እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ኬፕ ፍላትስ ይታያል። አውራ ጎዳናው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ከዚያ ወዲያ ዳር የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመጨረሻም የፎልስ ቤይ ነጭ ጠርዝ። ከሦስት ወይም ከአራት ተጓዦች በቀር ሰው አልነበረም። ፎቶ አንሥቼ በስልክ ላክሁለት። መልሱ የመጣው ሱቁን ከዘጋ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው፤ «በሚቀጥለው ጊዜ ልጆቹን ይዘዋቸው ይውጡ፤ እኔ ሱቅ አለብኝ» ይላል።